ከእሜቴ ጀልባ በታች የበራው መብራት

ተረት አለኝ፤ እናንተም «ጆሮ አለን» በሉኝ።

ጆሮ ካላችሁ መልካም። ድሮ ነው፤ በጣም ድሮ ግን አይደለም። ዕቃ ሁሉ አፍ የነበረው፣ ወፍና ኤሊ ሽማግሌ ሆነው የሚዳኙበት ዘመን ነበር፤ አስፋልትም ተነጥፎ ነበር። ሁለቱ እንዴት አንድ ዘመን ላይ ተገናኙ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ተረት እንደ መንገድ ሥራ ነው፤ መቼ እንደተጀመረ የሚያስታውስ አይገኝም።

አንድ ሐይቅ ነበር። ከሐይቁ ራቅ ብላ አንዲት ከተማ ነበረች። በመካከላቸው ግራርና ቁልቋል የከበበው ጠባብ አስፋልት ነበር። ጎህ ሲቀድ ከሐይቁ ጉም ይነሳል፤ መንገዱን ይሸፍነዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉሙ ይመለሳል፤ መንገዱን ይሸፍነዋል።

በከተማዋ አቶ መንበሩ የሚባሉ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ። አንዲት ጀልባ ነበረቻቸው። ሐይቁ ዳር እንዳያሳድሯት ሌባ ፈሩ፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በፒካፕ ጎትተው ወደ ሐይቁ ያወርዷታል፣ ማታ ማታ ጎትተው ወደ ግቢያቸው ይመልሷታል። ጀልባይቱም በመጎተቷ ኮራች። «ሌላው በእግሩ ይሄዳል፤ እኔን ግን ይወስዱኛል» አለች። ቀስ በቀስ ሰውም ዕቃውም «እሜቴ ጀልባ» ይሏት ጀመር። አቶ መንበሩ ራሳቸው ሲያጥቧት «እሜቴ» ይሏት ነበር። ሰው ምን ይለኛል የሚሉ፣ ማንንም ማስቀየም የማይወዱ ሰው ነበሩ። ብዙ ጥፋት የሚመጣው ከእንደዚህ ዓይነቱ ደግ ሰው ነው፤ ግን ወደ ተረታችን።

የአካሄዳቸው ተራ እንዲህ ነበር። ከፊት ፒካፑ ይሄዳል። ከፒካፑ ኋላ ባለሁለት ጎማው ተሳቢ ይከተላል። በተሳቢው ላይ እሜቴ ጀልባ ተዘርግታ ተቀምጣለች፤ ከነሞተሯ ክንድ ተኩል ያህል ከተሳቢው አልፋ ወደ ኋላ ትወጣለች። ከእሜቴ ጀልባ በታች፣ በተሳቢው ጭራ ላይ፣ አንድ ትንሽ ቀይ መብራት ነበር። በግራ በኩል ወንድም ነበረው፤ እሱ በመጀመሪያው ዓመት ውኃ ገብቶበት ሞቷል። ቀብርም አልነበረውም፤ ሽቦውን ቆርጠው ቋጠሩት እንጂ።

ከሁሉም ኋላ ዳማ ትመጣለች። ዳማ አሮጊት የጋሪ ባዝራ ነበረች፤ ግራ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ባለቤቷ ቡልቶ የሚባል ባለጋሪ ነው። ጠዋት ባዶ ሣጥን ወደ ሐይቁ ትወስዳለች፣ ማታ ዓሣ የሞላበትን ሣጥን ወደ ከተማ ትመልሳለች። ፒካፑ አርጅቶ ሲያዘግም ዳማም እርምጃዋን አስተካክላ ትከተለዋለች፤ እንዲህ ሆነው ዓመታት ሄዱ።

የመብራቱ ሥራ አንድ ብቻ ነበር። ከኋላ ለሚመጣው «እዚህ አለን» ማለት። ከኋላ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ማንም አልነበረም፤ ዳማ ነበረች። ስለዚህ መብራቱ ጠዋት ሲበራም ማታ ሲበራም የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ዳማ ዛሬም በደህና ቤቷ ትግባ።

አንድ ማታ ዳማ በጉሙ ውስጥ መጣች፣ መጣች፣ አፍንጫዋ ከጀልባይቱ ሞተር ጋር ሊጋጭ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመች።

«አንተ ልጅ» አለችው መብራቱን፣ «አለህ እንዴ?»

«አለሁ እትዬ ዳማ። በርቼ ነው ያለሁት።»

«ለማን ነው የምትበራው? እኔ አንተን የማይህ ልነክስህ ስደርስ ነው።»

«እሜቴ ጀልባ ጋርዳኝ ነው። እኔ ከሥሯ ነኝ፣ እሷ ከላይ ናት።»

«እንግዲያ ንገራት። እኔ አንድ ዓይን ነው የቀረኝ፤ እሱንም ለእሷ ሞተር አልሰጥም።»

መብራቱ በማግስቱ ጠዋት ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ድምፁን ጠረገ።

«እሜቴ፣ አንድ ነገር ልለምን። ከፍ አርጉኝ፣ ወደ ዳር አውጡኝ፣ ከውኃ አድኑኝ። ከእርስዎ ሥር ሆኜ ማንም አያየኝም። እርስዎ ወደ ሐይቁ ሲገቡ ደግሞ እኔንም ይዘውኝ ይገባሉ፤ እንደጋልኩ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ስነከር እሰነጠቃለሁ። ወንድሜም የሞተው በዚሁ ነው። በተሳቢው ዳር አንድ እንጨት ይቁምልኝ፤ ከትከሻዎ እኩል ልሰቀል። ከዚያ ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ከሩቅ ያየኛል።»

እሜቴ ጀልባ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀና አደረገች።

«ከትከሻዬ እኩል? በየትኛው ሰርግ ነው ከማድ ቤት የመጣ ሰው ከሙሽራይቱ እኩል የተቀመጠው? ሰማህ ወይ ተሳቢ፣ ይህ ያንተ ጭራ ምን እንዳለ?»

ተሳቢው ወገቡ ጎብጦ ነበር። «እኔ መሸከም እንጂ መስማት አልተማርኩም» አለ።

«ጋሼ ፒካፕ፣ አንተስ?»

«እኔ ከኋላዬ ያለውን አላውቅም» አለ ፒካፑ። «ፊቴን ብቻ ነው የማየው። ከኋላዬ ያለው ደግሞ ይከብዳል፤ ይህንን ብቻ አውቃለሁ።»

አቶ መንበሩ ክርክሩን ሰሙ። ጎንበስ ብለው መብራቱን አዩት።

«ቆሽሾ ነው እኮ» አሉ። «እሜቴን ማስቀየም ምን ያደርጋል? እንወልውለዋለን።»

በቤንዚን ባራሱት ጨርቅ መብራቱን ወለወሉት። ከሥር ሆኖ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ እንደበፊቱ ሳይታይ በራ።

በዚያው ሳምንት ዳማ ከሞተሩ ጋር ተጋጭታ አፍንጫዋን ተላጠች።

መብራቱ ይህን ሲያይ ለሽማግሌ አቤት አለ። በዚያ ሐይቅ ዳር፣ በአንድ ትልቅ ሾላ ሥር የሚዳኙ ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንደኛው አባ ኮዳ ናቸው፤ ያ ራሰ በራው፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለው ትልቅ ወፍ። ዓሣ በሚታረድበት ቦታ ቆመው ይውላሉ፤ አንጀትም ይሁን ጭንቅላት የወደቀውን ያነሳሉ። ዓሣውን የምታመጣው እሜቴ ጀልባ መሆኗን አገር ያውቃል፤ አባ ኮዳም ያውቃሉ። ሁለተኛው ኤሊ ናቸው፤ ፍርዳቸው ሁሉ «አይቸኮልም» ነው። ሦስተኛው አሮጌው መልሕቅ ናቸው፤ የእሳቸው ፍርድ ደግሞ «ያለው ባለበት ይቁም» ነው። ሌላ ፍርድ ሲሰጡ ታይተው አያውቁም።

ሽማግሌዎቹ በሾላው ሥር ተቀመጡ። መብራቱ ለመናውን አቀረበ።

«ከፍ አርጉኝ፣ ወደ ዳር አውጡኝ፣ ከውኃ አድኑኝ።»

«ያለው ባለበት ይቁም» አሉ መልሕቅ።

«አይቸኮልም» አሉ ኤሊ።

አባ ኮዳ ግን አንድ እግራቸውን አጥፈው በጥልቅ አሰቡ። ጥልቅ ሐሳባቸው አገር ያጠፋል ይባል ነበር።

«ልጄ» አሉ፣ «የጠየቅኸው ነውር አይደለም። ቦታው ግን ተሳስቶሃል። የትልቅ ሰው አሽከር ፋኖስ ይዞ የሚሄደው ከየት ነው?»

«ከፊት ነው» አለ መብራቱ።

«እንግዲህ! ከጌታው ኋላ ፋኖስ ይዞ የሚሄድ አሽከር አይቼ አላውቅም። ከፍ ማለት ከፈለግህ ከፍ በል፤ በእሜቴ ፊት ሁን።»

«እኔ የማበራው ለእሜቴ አይደለም፤ ከኋላ ለምትመጣው ለዳማ ነው።»

«ለጋሪ ፈረስ!» አሉ አባ ኮዳ፣ ከረጢታቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ለጋሪ ፈረስ ፋኖስ የሚይዝላት አገር የት ነው?»

ፍርድ ፍርድ ነው። አቶ መንበሩ መብራቱን ፈተው በጀልባይቱ አፍንጫ ላይ አሰሩት። ከፍ አለ፤ እውነት ነው። ከውኃም ዳነ። እሜቴ ጀልባ ደስ አላት፤ «አሁን ነው ወግ የደረሰኝ» አለች። መብራቱ ግን የፒካፑን ጀርባ ቀይ እያደረገ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። ፒካፑ በመስታወቱ ዓይኑን ተወጋ።

«ኧረ ይህን ነገር አንሱልኝ!» ብሎ ጮኸ። «በፊቴ የማየው አንሶኝ ነው ከኋላዬ እሳት የምታነዱብኝ?»

ከኋላ ደግሞ ምንም አልነበረም፤ ጨለማና ጉም። ዳማ በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ቡልቶን ከጋሪው ልትጥለው ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ቡልቶ ተናደደና ሣጥኑን አውርዶ ወደ አቶ መንበሩ ሄደ።

«ጋሼ መንበሩ፣ ከኋላ አይታይም እኮ።»

«አውቃለሁ ቡልቶ።»

«ካወቁ ታዲያ?»

«ሽማግሌ ይዞታል እኮ። ሽማግሌ በያዘው ነገር እጄን ባስገባ ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውስ ምንም አይል። ባዝራዬ ግን ትሞታለች።»

አቶ መንበሩ ራሳቸውን አከኩ። አዝነዋል፤ ከልባቸው ነው ያዘኑት። መብራቱን ወደ ቀድሞ ቦታው መለሱትና ነገሩን እንደገና ወደ ሾላው ወሰዱት።

መብራቱ ለሦስተኛ ጊዜ ለመነ። «ከፍ አርጉኝ፣ ወደ ዳር አውጡኝ፣ ከውኃ አድኑኝ።»

«አይቸኮልም» አሉ ኤሊ።

«ያለው ባለበት ይቁም» አሉ መልሕቅ።

አባ ኮዳ በዚያ ቀን ጠግበው ነበር፤ ስለዚህ ደግ ነበሩ።

«ሁሉንም የሚያስማማ ነገር አግኝቻለሁ» አሉ። «መብራቱ ባለበት ይቁም፤ መልሕቅ ደስ ይበላቸው። እሜቴም ክብሯ አይነካ። የጋሪው ፈረስም ምልክት ታግኝ። አገር የሚያውቀው ምልክት ደግሞ ምንድን ነው? ቅጠል ነው! ቅጠል ቁረጡና በእሜቴ ጀርባ ላይ አንጠልጥሉ። ያምራልም።»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ልንገር። በዚያ አገር መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ሾፌሩ ይወርዳል፤ ቅርንጫፍ ይቆርጣል፤ ከመኪናው ኋላ ራቅ አድርጎ አስፋልቱ ላይ ያኖረዋል። ቅጠሉን ያየ ሁሉ ፍሬን ይይዛል። ባለሚኒባሱም፣ ባለጋሪውም፣ አህያውም ሳይቀር ያውቀዋል። ቅጠል ማለት «ፊት ለፊት የቆመ አለ» ማለት ነው።

መብራቱ ደነገጠ። «አባቶቼ» አለ፣ «ቅጠል የሚለው ቆመናል ነው፤ እኛ ግን እንሄዳለን። እየሄድን ቆመናል ካልን፣ የቆምን ቀን ምን ልንል ነው?»

ኤሊ ቀስ ብለው አንገታቸውን አወጡ። «ያ ቀን ሲመጣ ይታሰባል» አሉ። «አይቸኮልም።»

እሜቴ ጀልባም ተስማማች። «ቅጠልስ ደህና ነው» አለች። «እንደ ንግሥ በዓል ነው።»

አቶ መንበሩ ለምለም ቅርንጫፍ ቆርጠው በጀልባይቱ ጀርባ አንጠለጠሉ። ቅጠሉ ወደ ታች ወረደ፤ ወርዶ ወርዶ የመብራቱን ፊት ሸፈነው። ትንሽ ትታይ የነበረችው ብርሃንም ከዚያን ቀን ጀምሮ አልታየችም።

በመጀመሪያው ማታ ዳማ በጉሙ ውስጥ ቅጠሉን አየች። ቀጥ ብላ ቆመች። ቡልቶ ቆመ፤ ጠበቀ። ፊት ለፊት የቆመ ነገር የለም፤ ጀልባይቱ ሄዳለች። ዓሣው ሞቀ፤ ገዢው ተቆጣ።

በሁለተኛው ማታ ዳማ ቅጠሉን አየች። እርምጃዋን ቀነሰች፤ አልቆመችም። ቅጠሉ እየሄደ ነበር።

በሦስተኛው ማታ ዳማ ቅጠሉን አይታ ልትቀንስ ስትል ቡልቶ ልጓሙን ነቅነቅ አደረገላት።

«ሂጂ እማዬ፣ ሂጂ፤ የነጋሼ መንበሩ ቅጠል ነው። የእነሱ ቅጠል የሚሄድ ቅጠል ነው።»

ከዚያ ወዲያ ዳማ ቅጠሉን ስታይ ሳትፈራ ተከተለችው። እንዲያውም ወደደችው፤ አረንጓዴው ፊት ለፊቷ ሲወዛወዝ መንገዱ ደህና ነው ማለት ሆነላት።

መብራቱ ከቅጠሉ ኋላ ሆኖ ይለምናታል። «እትዬ ዳማ፣ ቅጠሉን አትልመጂው!»

«እንዴት አልለምደው? ቁሚ ሲለኝ ቆሜ ተገርፌያለሁ፤ ሂጂ ብዬ ተርጉሜው ስሄድ ግን የሚነካኝ የለም።»

«ቋንቋውን አበላሽተውት ነው እኮ።»

«ያበላሹት እነሱ ናቸው፤ የምናገረው ግን እኔ ነኝ። አርፈህ ብራ።»

ክረምቱ አለፈ። ቅጠሉ ሲደርቅ አቶ መንበሩ ሌላ ይቆርጣሉ፤ ሲደርቅ ሌላ ይቆርጣሉ። የመንገዱ ሰው ሁሉ ለመደው። ሽማግሌዎቹ በየሾላው ሥር «ያ ነገር በሰላም አለቀ» እያሉ አወሩት።

አንድ ጠዋት ጉሙ ከወትሮው በልጦ ወረደ። ከመንገዱ አጋማሽ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ የተሳቢው ቀኝ ጎማ ፈነዳ። ፒካፑ ቆመ። ተሳቢው ዘመም አለ። እሜቴ ጀልባም ዘመም ብላ አስፋልቱ መሃል ቀረች።

አቶ መንበሩ ወረዱ። መጀመሪያ ድንጋይ ፈልገው ለጎማው አስደገፉ። ቀጥሎ ቢላቸውን አወጡ፤ ወደ ግራሩ ሄዱ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች እሜቴ ጀልባ።

«ቆመናል እኮ እሜቴ። ቅጠል ልቁረጥና ራቅ አድርጌ መንገዱ ላይ ላኑር።»

«ቅጠል አለኝ እኮ! ትናንት ነው የቀየርክልኝ። ስንት ቅጠል ነው? ባይሆን ጎማውን ፍታ፤ እንዲህ ዘምሜ ሰው ያየኛል።»

አቶ መንበሩ ጀርባዋን አዩ። እውነትም ቅጠል አለ፤ ለምለም፣ ጠል ያረፈበት።

«ውነትሽን ነው» አሉ። ቢላቸውን ከተቱ፤ ጎማውን ለመፍታት ተንበረከኩ።

«ጌታዬ!» አለ መብራቱ። «ቁረጡ! መንገዱ ላይ አኑሩ! ይህኛው ሂዱ ነው የሚለው፤ ዳማ ሂጂ ብላ ነው የተማረችው!»

«ዝም በል አንተ» አለች እሜቴ ጀልባ። «አሁንም ስለ ጋሪ ፈረስ ነው?»

መብራቱ ያለ የሌለውን ኃይል ሰብስቦ በራ። ሽቦው እስኪግል በራ። አምፖሉ እስኪንጣጣ በራ። ቀዩ ብርሃን ከቅጠሉ ጋር ተጋጨ፤ ወደ መሬት ፈሰሰ፤ አስፋልቱ ላይ እንደ ፈሰሰ ነገር ተኝቶ ቀረ።

ከጉሙ ውስጥ የኮቴ ድምፅ መጣ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ዳማ መታጠፊያውን ዞረች። በደህናው ዓይኗ አረንጓዴውን አየች።

«የሚሄደው ቅጠል ነው» አለች።

«ሂጂ እማዬ» አለ ቡልቶ።

ሄደች።

ውኃ የሚቀዝፈው የሞተሩ ስለት ደረቷን አገኘው። ጋሪው ተገለበጠ፤ ባዶው ሣጥን መንገዱ ላይ ተበተነ። ቡልቶ ክንዱ ተሰብሮ ከጀልባይቱ ሥር ተንከባሎ ወደቀ። ቅጠሉ ተቀንጥሶ መሬት ወደቀ። ያኔ ዳማና መብራቱ ፊት ለፊት ተያዩ፤ በመካከላቸው የሚጋርድ አልነበረም።

«አሁን አየሁህ» አለችው።

«ሁልጊዜም በርቼ ነበር እትዬ ዳማ።»

«ይሆናል» አለች። ደህናው ዓይኗም ተከደነ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ በሾላው ሥር ተቀመጡ። ቡልቶ ክንዱን ወጌሻ አስሮለት መጣ። አቶ መንበሩ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ስበው አለቀሱ፤ ለቡልቶም አንዲት አህያ አመጡለት። ከዚያ ጥፋተኛው ይፈለግ ተባለ።

«እኔ ምልክት አንጠልጥያለሁ» አለች እሜቴ ጀልባ። «በሽማግሌ ቃል ነው ያንጠለጠልኩት።»

«እኔ ፊቴን ብቻ ነው የማየው» አለ ፒካፑ።

«እኔ እሸከማለሁ እንጂ አላሳይም» አለ ተሳቢው።

አባ ኮዳ ወደ መብራቱ ዞሩ። «አንተስ? ማሳየት የማን ሥራ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«በዚያ ጠዋት በርተህ ነበር?»

«በርቼ ነበር።»

«ማን አየህ?»

«እኔ አይቼዋለሁ» አለ ቡልቶ ከዳር። ሁሉም ዞረው አዩት። «ከወደቅሁ በኋላ፣ መሬት ላይ ተጋድሜ ሳለሁ፣ ወደ ላይ ስመለከት አየሁት። በርቶ ነበር። እንደ ፍም ነበር።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አባ ኮዳ ያጠፉትን እግር አወረዱ፤ የቆሙበትን አጠፉ።

«እንግዲህ ምስክሩ ራሱ ተናገረ» አሉ። «ይህ መብራት የሚበራው ለተጋደመ ነው። ለሚሄድ አልበራም። ለሚሄድ ያልበራ መብራት እንዳልበራ ይቆጠራል። ጥፋቱ የእሱ ነው።»

«አይቸኮልም» ሊሉ ኤሊ አንገታቸውን ሲያወጡ ጉባኤው ተነሥቶ ነበር። መልሕቅ ብቻ ደስ አላቸው፤ ከመብራቱ በቀር ሁሉ ባለበት ቆሟልና።

አቶ መንበሩ መብራቱን ፈተው ሊጥሉት ሲሉ ቡልቶ ደህናውን እጁን ዘረጋ።

«ጋሼ መንበሩ፣ ይስጡኝ።»

«ይህንን? የተፈረደበትን?»

«እሱኑ።»

«ወንጀለኛ ምን ያደርግልሃል ቡልቶ?»

«ሲበራ አይቼዋለሁ አልኩ እኮ።»

ሰጡት። በቦታውም ሌላ መብራት ገዝተው አስገቡ፤ ያው ከሥር፣ ያው ከቅጠሉ ኋላ። አዲሱ መብራት ዝምተኛ ነበር፤ እሜቴ ጀልባም ወደደችው።

ቡልቶ ከጋራዥ አሮጌ ባትሪ ለመነ። የተጠገነው ጋሪ የኋላ ጫፍ ላይ፣ ከቀኝ ዳር፣ ቁመቱ ከሰው ራስ የሚበልጥ የባሕር ዛፍ እንጨት አቆመ። ቀዩን መብራት ከአናቱ ላይ አሰረው። ከፍ አለ፣ ወደ ዳር ወጣ፣ ውኃ አይደርስበትም። ሲጎትቱት ከኖሩበት ዘመን ሁሉ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራቱ መንገዱን ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው አየው። ከሩቅ አንድ ሞተር ሳይክል መጣ፤ ቀዩን አየ፤ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ዳር ይዞ አለፈ። እንዲህ ቀላል ነበር።

አህያዋ ለነገሩ አዲስ ነበረች። «ይህ ከላይ የሰቀልከው ለማን ነው?» አለች።

«ከኋላችን ለሚመጣ» አላት ቡልቶ።

«ከኋላችን ማን ይመጣል?»

«አላውቅም። ስለማላውቀው ነው።»

ጥቂት ሄዱ። ጉሙ ወረደ። አህያዋ ጆሮዋን አቆመች።

«ፊት ለፊት አረንጓዴ ነገር አያለሁ። ቅጠል ነው። ቆሟል ወይስ ይሄዳል?»

ቡልቶ አፉን ከፈተ። «ሂጂ» ሊል ነበር፤ አላለም። «ቁሚ» ሊል ነበር፤ አላለም። መብራቱን ቀና ብሎ አየው፤ መብራቱ ግን ጀርባውን ለፊተኛው መንገድ ሰጥቷል፤ ሥራው ወደ ኋላ ነውና ምንም ሊነግረው አልቻለም።

ቡልቶ ከጋሪው ወረደ። ከአህያዋ ቀደመ። ደህናውን እጁን ወደ ጉሙ ዘረጋ፤ እንደ ዕውር እየዳሰሰ በእግሩ ሄደ።

እስከ ዛሬ እንዲያ ነው የሚሄደው። ጠዋት ጠዋት ከሁሉም አስጋሪ በኋላ ሐይቁ ይደርሳል። «ቡልቶ ፈሪ ሆነ» ይላሉ። አባ ኮዳም ከዓሣው ቦታ ሆነው ያዩትና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ «መብራት የሰቀለ ሰው እንዴት በዳሰሳ ይሄዳል?» ይላሉ።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ጆሮ የነበራችሁ ሰምታችሁታል። የድሮ ሰዎች ሲጨርሱት እንዲህ ይሉ ነበር፦ የተመታ መብራቱን ከፍ ያደርጋል፣ የመታ ክብሩን ከፍ ያደርጋል፤ የሚሄዱበት ጉም ግን አንድ ነው።